ምዕራፍ 7፦ ስስ አየርና ትኩስ ካርድ

የላፕቶፕ ቻርጀሩን ገልብጦ ጀርባውን ያነበበ ሰው ጥቂት ነው። በብዙዎቹ ላይ ከቮልቴጁና ከልዩ ልዩ የጥራት ምልክቶች መሀል አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ትገኛለች። ውስጧ ተራራ ተስሏል፤ አጠገቡ 2,000 ሜትር የሚል ቁጥር አለ። ምልክቷ የቻይና የደኅንነት ደረጃ የሚያዘው ነው፤ ዕቃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በማይበልጥ ቦታ እንዲሠራ ታስቦ መፈተሹን ትናገራለች። ሰበታ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለገዳዲ 2,400ን አልፋለች፣ ቡራዩ 2,500 አካባቢ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች። አዲስ አበባን የከበቡት እነዚህ ከተሞች፣ ከነነዋሪዎቻቸውና ከነኮምፒውተሮቻቸው፣ ከምልክቷ ወሰን ውጭ ይኖራሉ።

እውነት ለመናገር ያቺ ተራራ የምታስጠነቅቀው ስለ ሙቀት ሳይሆን ስለ ኤሌክትሪክ ነው፤ አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ክፍተትን መዝለል ይቀለዋል። ስለ ሙቀት የሚናገር ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ያገኘዋል። ኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት ኤሌክትሪክ ለቢትኮይን አምራቾች መሸጥ ከጀመረች ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ «አንትማይነር» የተባሉ ማሽኖች ወደ አገር ገብተዋል። የእነዚህ ማሽኖች መግለጫ ነገሩን ያለ ማድበስበስ ያስቀምጠዋል፦ ከ900 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ማሽኑ የሚችለው ከፍተኛ የአካባቢ ሙቀት በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። የትላልቅ ዳታ ሴንተሮች መሐንዲሶችም ተመሳሳይ ቅናሽ ይጠቀማሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ መግለጫው ካለቀበት በላይ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለገዳዲ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሕንፃ ዲዛይን በሦስት ገጽታ ለሚያወጣ ወጣት አርክቴክት ምን ይጠቅመዋል? ብዙ ይጠቅመዋል። ማታ ሬንደር፣ ማለትም ዲዛይኑን ወደ ምስል የመለወጥ ሥራ፣ አስጀምሮ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ሥራው ግማሽ ላይ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ ሙቀት 83 ዲግሪ ላይ ቆሞ ፍጥነቱን በራሱ ቀንሷል። ፋኖቹ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ የተሻለ ማቀዝቀዣ መግዛት። ችግሩ ማቀዝቀዣዎችን የሚያወዳድሩት ፈተናዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ለባሕር በቀረቡ ከተሞች መሆኑ ነው። እዚያ አንደኛ የወጣው ዕቃ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲደርስ የሚተነፍሰው አየር ያው አይደለም።

ልዩነቱን በጀሪካን መለካት ይቻላል። 250 ዋት የሚበላ ካርድ፣ ለምሳሌ «ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ»፣ የሚበላውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት አድርጎ ነው የሚመልሰው። ያን ሙቀት አየሩን በ10 ዲግሪ ብቻ አሙቆ ለማስወጣት በባሕር ጠለል ላይ በየሰከንዱ 21 ሊትር ገደማ አየር በካርዱ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ የተለመደችው ቢጫ ጀሪካን ሙሉ አየር መሆኑ ነው። ሱሉልታ ላይ የአየሩ ክብደት በ28 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም 29 ሊትር ያስፈልጋል፤ አንድ ጀሪካን ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሙቀትን የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ነው፤ ይዘቱ አይደለም። ፋን ደግሞ ክብደት መዝኖ አያውቅም፤ በዞረ ቁጥር የሚገፋው ያንኑ ይዘት ነው። ሱሉልታ ላይ ውኃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላበትና ሽምብራ አልበስል የሚልበት ምክንያት ከዚህ ጋር አንድ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር አነስተኛ ነው።

የሚገርመው ፋኑ ራሱ ምንም አይቸገርም። እንዲያውም ይቀለዋል። ይህን ለመረዳት የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማስታወስ በቂ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ በ2,240 ሜትር ላይ ናት። በአጭር ርቀት ሩጫና በዝላይ አየሩ ስለማይከለክል ክብረ ወሰኖች ረገፉ፤ ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር የዘለለው እዚያ ነው። ረጅም ርቀት የሮጡት ግን ኦክስጅን አጠራቸው። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲሆን፣ አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ ካስመዘገበው በስምንት ደቂቃ ይዘገያል። የግራፊክስ ካርድ ፋንም ደጋ ላይ እንደ አጭር ርቀት ሯጭ በቀላሉ ይዞራል፣ ኤሌክትሪክም ያነሰ ይበላል፤ ሬንደር ግን ማራቶን ነው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራኩን ሱሉልታ ላይ የሠራው አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ሳምባ ይለምደዋል። ብረት አይለምደውም።

ደጋው የሚክሰው ግን አለ፤ ብርዱ። አንድ ካርድ በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 75 ዲግሪ ቢያሳይ፣ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ በልጧል ማለት ነው። በግምት ሲሰላ ያ ልዩነት ሱሉልታ ላይ ወደ 60 ሊጠጋ ይችላል። ክፍሉ ግን በክረምት 16 ዲግሪ ከሆነ ካርዱ 76 ላይ ይቆማል። ብርዱ የሰጠውን ስስ አየሩ መልሶ ወሰደው፤ ሒሳቡ ተካካሰ። ችግሩ የሚታየው በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ መስኮቱ አቧራ ፈርቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ካሳው ይቀራል፣ ዕዳው ብቻ ይቆያል። ማቀዝቀዣ ሲመረጥ መታሰብ ያለበት ለዚያ ከሰዓት ነው።

ከመግዛት በፊት ግን ካርዱን መክፈት። ይህን ምዕራፍ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ይህን ቢያደርግ ይሻላል።

መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኤቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ቀይሮ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልገኝም አለ። በዚያ ቀን በመላው ዓለም ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ አንድ ሰው ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ዕቃው ከዚህ በፊት የት ምን ሲሠራ እንደኖረ ከላዩ አይነበብም፤ ሲከፈት ግን ይነበባል። ካርዱ በጀርባው ይገለበጣል። በቺፑ ዙሪያ ያሉት አራት ስፕሪንግ ያላቸው ቪቴዎች በትንሽ የመስቀል ካቻቢቴ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰያፍ እየተፈራረቁ፣ ጥቂት ጥቂት እየላሉ ይፈታሉ። ሂትሲንኩ፣ ማለትም ቺፑ ላይ የተጫነው የብረት ማቀዝቀዣ፣ አልነሳም ካለ መገንጠል አይገባም፤ ቪቴዎቹን መልሶ ካርዱን ጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ሞቅ ሲል ዳግም ፈትቶ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል። ሲነሳ በቺፑ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉን ይናገራል። በቺፑና በሂትሲንኩ መሀል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደህና ከሆነ እርጥብና ግራጫ ነው፤ በጣት ሲነካ ይለጥፋል። የሞተው ደግሞ ድስት ሥር እንደ ደረቀ ሽሮ ተሰነጣጥቆ ይፈረፈራል። በማስታወሻ ቺፖቹ ላይ የተነጠፉት ለስላሳ ቴርማል ፓዶችም ዘይታቸውን ተፍተው ቦርዱን አርጥበውት ይገኛሉ።

ይህን ማደስ ከየትኛውም ፋን ይረክሳል። አሮጌውን ፔስት ለመጥረግ ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹህ አልኮል ይበቃል፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፣ ለእጅ ልስላሴ ሲባል ግሊሰሪን ተጨምሮበታልና ቅባት ትቶ ይሄዳል። የጥርስ ሳሙና በፔስት ፋንታ የሚቀቡም አሉ፤ በጥቂት ቀን ደርቆ ያው ሽሮ ይሆናል። ፓድ ሲቀየር ውፍረቱ ዋና ጉዳይ ነው። 1 ሚሊ ሜትር የነበረበት ቦታ 1.5 የገባ እንደሆነ ሂትሲንኩ በፓዱ ላይ ይንሳፈፍና ከዋናው ቺፕ ጋር በወጉ አይገናኝም። ማስታወሻው ቀዝቅዞ ቺፑ ይቃጠላል። ፈሳሽ ብረት የሚባለው ቅባት ደግሞ ጋሊየም ስላለው አሉሚኒየምን ይበላል፤ የሂትሲንኩ መቀመጫ መዳብ መሆኑ ካልተረጋገጠ አጠገቡም መድረስ የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ ገንዘብም ካቻቢቴም አይጠይቅም። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚጨምረው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀነስ ከዚያ የሚመጣው ሙቀት በ19 በመቶ ይቀንሳል። ፋብሪካዎች ደካማው ቺፕ እንኳ እንዲሠራ ብለው ለሁሉም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚሰጡ፣ «አፍተርበርነር» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ጥቂት ጥቂት እያወረዱ መፈተሽ ይቻላል። ብዙ ካርዶች ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ይቀበሉታል። የስስ አየሩን ዕዳ ከግማሽ በላይ የሚከፍል ማስተካከያ በነፃ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይበርድ ካርድ አለ። መግዛት የሚጀምረው እዚህ ነው።

የካርድ ፋን ጩኸት የቆየ ታሪክ አለው። ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው «ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ» ከመጮኹ የተነሳ ሰዎች በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ስም ጠሩት፤ ኩባንያው ራሱ የሚቀልድበት ቪዲዮ እስከ መሥራት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የመለዋወጫ ማቀዝቀዣ ሠሪዎች በዙ። የ«አርክቲክ» ኩባንያ «አክሴሌሮ» የተባሉት ሂትሲንኮች በአብዛኛው ከነፋኖቻቸው ይመጣሉ። የ«ራይጂንቴክ» «ሞርፊየስ» ደግሞ 12 የሙቀት ቱቦዎች አሉት፤ ፋን ግን የለውም፣ ገዢው ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚገጥምበት ባዶ ሂትሲንክ ነው። ከውኃ ወገን የ«ኤንዜድኤክስቲ» «ክራከን ጂ12» የተባለው ማቀፊያ ለፕሮሰሰር የተሠራ የውኃ ማቀዝቀዣ በካርድ ላይ እንዲገጠም ያደርጋል።

የሙቀት ቱቦ ከፍታን አያውቅም። የታሸገ የመዳብ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ያለች ጥቂት ውኃ በትኩሱ ጫፍ ትተናለች፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ትጤዛለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ውስጡ አስቀድሞ አየር የተመጠጠ ስለሆነ ጅቡቲም ሱሉልታም ለእሱ አንድ ናቸው። ከፍታ የሚጎዳው የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ከአሉሚኒየሙ ቅጠል ወደ አየሩ የሚዘልበትን። ስለዚህ በደጋ ማቀዝቀዣ የሚመረጠው በቅጠሉ ስፋትና አየር በሚያልፍበት ቀላልነት ነው። ፋን አየርን የሚገፋበት ጉልበትም ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ በ28 በመቶ ስለሚወርድ፣ ቅጠሎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተጠጋጉበት ሂትሲንክ እዚህ ይታፈናል። ዘርዘር ያለ፣ ሰፊ፣ ባለ ትልቅ ፋን ይሻላል።

ይኸው ምክንያት የውኃ ማቀዝቀዣን ተስፋ ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው ውኃ ከገባበት አየር ቀረ ብሎ ያስባል። አልቀረም። ውኃው ሙቀቱን ከቺፑ አንስቶ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል እንጂ ራዲያተሩ ላይ የሚጠብቀው ያው ስስ አየር ነው፤ በመኪና እንደሚታወቀው። ጥቅሙ ራዲያተሩ ከካርዱ የሰፋ መሆኑ ነው። በምላሹ የሚሞት ፓምፕ ይጨምራል። የታሸገ የውኃ ማቀዝቀዣ ፓምፑ ሲሞት እንዳለ ይጣላል፤ እዚህ አገር ምትኩ የሚመጣው ከዱባይ ወይም በሰው እጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ግን የመደበኛ ኬዝ ፋን ነው፤ ኮምፒውተር በሚጠገንበት ሠፈር ሁሉ፣ ከአሮጌ ኬዝ ተፈትቶም ቢሆን፣ ይገኛል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ፊዚክሱንና ገበያውን፣ አንድ ላይ ያየ ሰው ለእነዚህ ከተሞች የሚስማማው ምርጫ የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም። የካርዱ የራሱ ሂትሲንክ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ደካማው ከላዩ ያለው ፕላስቲክ ሽፋንና ትንንሾቹ ፋኖች ናቸው። ሽፋኑ ይፈታል፣ ፋኖቹ ይነሳሉ፣ ባዶ በቀረው ሂትሲንክ ላይ ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች በፕላስቲክ ማሠሪያ ይታሠራሉ። አንድ ባለ 120 ፋን የሚጠርገው ስፋት የባለ 85ቱን እጥፍ ያህላል፤ ሁለቱ በዝግታ እየዞሩ የሚፈለገውን ጀሪካን ተኩል ያቀርባሉ። መልኩ አያምርም። ሥራው ግን በብዙ እጥፍ ከሚወደደው ማቀዝቀዣ ጋር ይወዳደራል፤ ኩሽኔታው ያለቀበት ቀንም ፋኑ ብቻ ተቀይሮ ሥራ ይቀጥላል።

ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በካርዱ ላይ ያለው የፋን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ያነሰ ስለሆነ ማገናኛ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ፋኖቹን ከማዘርቦርዱ ማገናኘትና ፍጥነታቸውን በቋሚነት ማስቀመጥ ይቻላል። የካርዱ ውፍረት ወደ ሦስት ወይም አራት ስሎት ስለሚያድግ ከሥሩ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ መለካት ይገባል። ሙሉ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ደግሞ በቺፑ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች መሀል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ሳይለካ ገንዘብ እንዳያወጣ፤ 53 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ አለ፣ 58 የሆነም አለ፣ በ5 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ማቀዝቀዣ ለካርዱ አይሆንም። የማስታወሻ ቺፖችንም መርሳት አይቻልም። በ«አርቲኤክስ 3090» ላይ ከነዚህ ቺፖች ግማሾቹ የተቀመጡት በቦርዱ ጀርባ ነው። ከፊት የቱንም ያህል ትልቅ ፋን ቢገጠም ጀርባው 110 ዲግሪ ደርሶ ካርዱን ያዘገየዋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ካርድ መፍትሔው የጀርባ ሳህኑ ሥር ጥሩ ፓድ ማንጠፍና ከላዩ አየር መስደድ ነው።

ቀሪው ጠላት አቧራ ነው፣ በእነዚህ ከተሞች ደግሞ ከሁሉም የበረታው እሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎ ለገዳዲን ያጠቃለለው ሸገር ከተማ ሲመሠረትም ሆነ ከዚያ በፊት፣ አካባቢው ለዓመታት የግንባታ ቦታ ነው። መንገድ ይቆረጣል፣ ድንጋይ ይፈጫል፣ ሲሚንቶ ይራገፋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚነፍሰው ቀይና ግራጫ አቧራ በካርዱ ቅጠሎችና በፋኑ መሀል ተከማችቶ እንደ ባዘቶ ይደድራል። ከላይ ሲታይ ፋኑ ይዞራል፤ አየር ግን አያልፍም። ስስ አየር ላይ ጉልበቱ የቀነሰ ፋን ባዘቶውን ጥሶ ማለፍ ስለማይችል፣ እዚህ የሚከማቸው አቧራ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሚከማቸው እኩል ሆኖ ጉዳቱ ይበልጣል። ወደ ኬዙ አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት እንዲበዙ ማድረግና መግቢያቸውን በስስ የሴቶች ስቶኪንግ መሸፈን አቧራው በየቀዳዳው እንዳይሳብ ያደርጋል። ማጣሪያው ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ራሱ ያፍነዋል።

ለማጽዳት ብዙ ሰው ኬዙን ተሸክሞ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። ኮምፕረሰሩ ኃይለኛ ነውና አቧራው በአንድ ንፋስ ይበራል። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። የኮምፕረሰር ጋን ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ቱቦውን ወደ መሬት አነጣጥሮ ጠብታው እስኪያልቅ መልቀቅ ያስፈልጋል። ፋኑንም በጣት ወይም በእስክሪብቶ መያዝ፤ በንፋሱ እንደ እብድ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ሞተሩም እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ካርዱ ይመልሳል።

ሥራው መልካም መሆኑ የሚታወቀው በልዩነት ነው። የካርዱን ሙቀት ብቻ የሚያይ ሰው በኅዳር ውርጭ ይደሰታል፣ በመጋቢት ይደነግጣል። ተራ የክፍል ቴርሞሜትር፣ የሕክምናው ሳይሆን የግድግዳው ዓይነት፣ ከጎረቤት ተለምኖም ቢሆን ከኬዙ አጠገብ ይቀመጥ፤ ፋኖቹ በአንድ ቋሚ ፍጥነት ይዙሩ፤ ያው ሬንደር ለግማሽ ሰዓት ይሮጥ፤ ከዚያ የክፍሉ ሙቀት ከካርዱ ሙቀት ይቀነስ። ሱሉልታ ላይ ክፍሉ 12 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ ካርዱ 60 ቢያሳይ ልዩነቱ 48 ነው። መጋቢት ላይ ክፍሉ 26 ሆኖ ካርዱ 74 ቢያሳይ ያው 48 ነው፤ ካርዱ አልታመመም፣ ቀኑ ነው የሞቀው። በሚያዝያ 55 ሆኖ ከተገኘ ግን ባዘቶው ተመልሷል፤ ካቻቢቴው ይውጣ።